እትዬ ቆይን ከክፍል ያስወጣት ግሥ

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ብቻውን ተናገረ፤ የተናገረውም መምህር ብቻውን መናገር እንደሌለበት ነበር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ አራት መምህራን ተኮልኩለን ነበር። ከሰማንያ አራታችን፣ ከአንዲት ሴት በስተቀር፣ በሦስቱ ቀናት ከ«አቤት» እና ከ«ሻዩ በየት በኩል ነው?» ያለፈ ቃል ከአፉ የወጣ አልነበረም። አሠልጣኙ ከላይኛው ጽሕፈት ቤት የተላከ፣ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ ጆሮው ግን ለጌጥ የተተከለለት ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አበራ፤ ኤሊሲት። እያንዳንዱ ፊደል የክንድ ያህል ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ መምህር አያስተምርም» አለ። «ኤሊሲት ያደርጋል።»

ሰማንያ አራት እስክሪብቶ ባንዴ ወረቀት ላይ ወረደ። ምን እንደምንጽፍ የገባን አልነበረም፤ ቢሆንም ጻፍን። ያልገባንን ነገር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ በመጻፍ ማን ይችለናል! ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ብቻ እጇን አነሣች።

«አንድ ምሳሌ ቢሰጡን?»

«ጥያቄ በመጨረሻ» አላት።

መጨረሻው ምሳ ነበር።

ይህች ሴት እትዬ ቆይ ናት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ተማሪዎቿ ግን ይህን አወጡላት፣ ስሙም ከመዝገቡ ስም ይልቅ ለመደላት። አንድ ልጅ ያላሰበውን መልስ አፈፍ አድርጎ ሊወረውር ሲል «ቆይ» ትለዋለች። ሌላው የጓደኛውን መልስ ሊነጥቅ ሲነሣ «ቆይ» ትለዋለች። ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቃል ተናግራ ብትኖር ያው ቃል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ስድሳ ስምንት ተማሪ፣ ሃያ ሦስት ዴስክ፣ አንድ መስታወቱ የወለቀ መስኮት።

አሠልጣኙ በሦስት ቀን ያልነገረንን እሷ በአንድ የሻይ ዕረፍት ነገረችን። ኤሊሲት ማለት ሰው ውስጥ ያለን ነገር ወደ ውጭ መሳብ ነው። የሚወጣው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ሳቅም፣ እንባም፣ ቁጣም፣ ጭብጨባም፣ ምስጢርም ሊሆን ይችላል። መስጠት አይደለም፤ መንጠቅም አይደለም። ቀልድ ሳቅን አይሠራውም፤ ሳቁ ሰውዬው ሆድ ውስጥ ነበር፣ ቀልዱ ጠራው። በዱላ የሚወጣው ቃል ሌላ ግሥ አለው፤ እሱን ለሚመለከታቸው እንተውላቸው። አጠቃቀሙም እንዲህ ነው፤ ከግሡ ጋር የሚሄደው ሰውዬው ሳይሆን ከሰውዬው የወጣው ነገር ነው። ከተማሪ መልስ ኤሊሲት ይደረጋል፤ ተማሪ ኤሊሲት አይደረግም። «ተማሪዎቼን ኤሊሲት አደረግኋቸው» የሚል መምህር ከገጠማችሁ አንድ በአንድ በመስኮት እንዳወጣቸው ቁጠሩት።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘችው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ መንገድ ላይ ከተበላሸ መኪና ናፍጣ ለመቅዳት ጎማ ቱቦውን ታንኩ ውስጥ ነክሮ ሌላውን ጫፍ ሰጣት። «አንዴ ሳቢና ልቀቂ፤ ቀሪው ራሱ ይመጣል» አላት። እሷ ግን ጎበዝ ለመባል ሳበች፣ ሳበች፣ ደግማ ሳበች፤ አንድ አፍ ሙሉ ናፍጣ ጠጣች። ሁለት ቀን ስታገሳ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። አባቷ ጀርባዋን እየመታ፣ «ልጄ፣ ታንኩ ባዶ ከሆነ የምትስቢው አየር ነው፤ ሙሉ ከሆነ ደግሞ አትጓጊ» አላት። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሙሉ ባለሙያ ከአንድ ሹፌር እንዲህ አነሰ!

ይሁን እንጂ ማስተማር በጀመረች ሰሞን እሷም እንደ ሌሎቻችን ነበረች። እኛን ታውቁናላችሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ «እስክሪብቶ» ብለን እንመልሳለን፤ «ጎበዝ!» ብለን ራሳችንን እናመሰግናለን። ተማሪው በዚህ መሀል የሚጠበቅበት አለመተኛት ብቻ ነው። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ጉንፋን ድምፅዋን ወሰደው። ቀሪ እንዳትባል መጣች፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ መልሱን ግን እንደ ልማዷ ራሷ ልትናገረው ብትል ጉሮሮዋ አልታዘዝ አለ። ቆመች። ልጆቹም ቆማ ሲያዩዋት ተቁነጠነጡ፣ ተያዩ፣ ወንበር አንቋቁ፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ዝምታውን መሸከም አቅቶት መለሰ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። በሳምንቱ ድምፅዋ ሲመለስ አላስፈለጋትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራርዋ አንድ ነው። ትጠይቃለች፤ ጠመኔዋን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያሸጋገረች በልቧ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ሃያ ቁጥር ወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ስድሳ ስምንት ሰው ፊት ቆሞ ለሚቆጥረው ግን ዘመን ነው። የመጨረሻው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ ጭጬ ይሏታል። ዓመቱ ከገባ ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ አስተማሪ የለም፤ ስም ሲጠራ እንኳ ጣቷን ነው የምታነሣው። እትዬ ቆይ በሳምንት አንዴ ትጠይቃታለች፣ ሃያ ትቆጥራለች፣ ከዚያ «ይደርሳል» ብላ ታልፋታለች። ሳትሰድብ፣ ሳታላግጥ፣ «ምላስሽን ድመት በላው?» ሳትል። ታንኩ ባዶ አለመሆኑን ከደብተሯ ታውቀዋለች።

እንግዲህ ወደ ቅጹ እንምጣ። ሥልጠናው አልቆ ሁለት ወር ሳይሞላ ቅጽ መጣ። ከላይኛው ጽሕፈት ቤት ገምጋሚ ይመጣል፤ ክፍል ገብቶ አርባ ደቂቃ ይቀመጣል፤ «በኤሊሲት የተገኙ መልሶች ብዛት» የሚል ሣጥን ውስጥ ቁጥር ይሞላል። ሠላሳና ከዚያ በላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው። ከአሥራ አምስት በታች ያገኘ መምህር ከክፍል ይነሣል፤ ወደ ስቶር ይዛወራል። ቅጹ ተራ ቁጥር አለው፤ የተበላሸ ወይም የተቀደደ ቅጽ ርዕሰ መምህሩን ያስጠይቃል። መልሱ ትክክል ይሁን፣ ከልብ ይሁን፣ ከየት ይምጣ የሚጠይቅ ሣጥን ግን የለም። በግ እንኳ ስንቆጥር ቢያንስ በግ መሆኑን እናያለን!

ስቶር ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሽንት ቤቱ ጎን ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ የተሰበረ ዴስክና የጠመኔ ካርቶን የሚከማችበት ክፍል ነው። ካቻምና አንድ የጂኦግራፊ መምህር እዚያ ተላከ፤ አህጉር ከአህጉር ሲያዛምድ የኖረ ሰው ዛሬ ስለ ወንበር እግር ካልሆነ አያወራም። እትዬ ቆይ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ዓመት ይቀራታል። ልጅ አልወለደችም፤ ሌላ ሙያ የላትም፤ ከክፍል ከወጣች የሚቀራት ጠመኔው ብቻ ነው፣ እሱም በካርቶን።

ርዕሰ መምህሩ ግን የፈራው ለራሱ ነው። ተማሪዎች «ማይኩ» ይሉታል፤ ከድምፅ ማጉያው ተለይቶ አያውቅም፣ ቢሮው ውስጥ ከሁለት ሰው ጋር ሲያወራ እንኳ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ሊል ይቃጣዋል። ገምጋሚው የሚገባው እትዬ ቆይ ክፍል መሆኑ በታወቀ ዕለት ኮሪደር ላይ ያዛት።

«እቱ፣ ስሚኝ። ሠላሳ መልስ ብቻ ነው። ሠላሳ!»

«ሠላሳ መልስ ከፈለግክ ስም ልጥራልህ። ስድሳ ስምንት ጊዜ "አቤት" ይላሉ፤ ትርፉን ለከርሞ ታስቀምጠዋለህ።»

«ቀልዱን ተይው! ያቺን ሃያ ድረስ የምትቆጥሪያትን ነገር ለአንድ ቀን ብትተያት ምን ትሆኛለሽ?»

«ልጆቹ መቼ ያስቡ?»

«ማሰብ ቅጹ ላይ የለም!» አለ ማይኩ።

እውነቱን ነው። በዘመኑ የተናገረው ብቸኛ እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰብስቡና በብርጭቆ አስቀምጡለት።

ቤቷ ስትገባ ባሏ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ሱቁም ሳሎኑም ናት። ነገረችው። እሱም መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ ቀን ቀባጥሪላቸውና ተገላገዪ» አላት። «ዝምታሽን ለእኔ አስቀምጪው። ሃያ አምስት ዓመት አብሬሽ ስኖር አንዲት ምስጢር አላተረፍኩም። ዝም ትዪኛለሽ፣ እኔ እንደ ቂል እዘረግፈዋለሁ።»

«ማን ዘርግፍ አለህ?»

«ይኸው እኮ ነው! ማንም አላለኝም!»

ዝም አለች። መርፌውን ከአፉ አወጣ። ሱሪውን አጠፈ፣ ፈታ፣ መልሶ አጠፈ።

«ስቶር ብትገቢስ... ያው ሥራ ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «አዎ፣ ሥራ አይደለም። አውቃለሁ። እንደ እንጨት ነው የምትደርቂው። እሺ፣ እንደ ልማድሽ አድርጊው፤ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!»

እሷም አልጠየቀችውም ነበር።

ማይኩ ግን የልማድ ነገር አላመነም። እትዬ ቆይ የምታስተምረው ጠዋት ጠዋት ነው። እሷ ቤቷ በሄደች ቁጥር፣ ሦስት ከሰዓት በኋላ በተከታታይ፣ ልጆቹን ክፍል ውስጥ አስቀርቶ አስጠናቸው። ከመማሪያ መጽሐፉ ሠላሳ ሁለት ዓረፍተ ነገር መርጦ በየዴስኩ አደላቸው። አንደኛ ዴስክ፣ «ቀልዱ ሳቅ ኤሊሲት አደረገ።» ሁለተኛ ዴስክ፣ «ክፉው ዜና እንባ ኤሊሲት አደረገ።» እየተባለ እስከ መጨረሻው ድረስ፤ ከዴስኩ ብዛት የተረፈውንም ከፊት ጀምሮ ደግሞ አደለ። ከዚያም ሕግ አወጣ፤ መምህርቷ በጠየቀች ቁጥር ተራ የደረሰው ይነሣል፣ የራሱን ይላል፣ ይቀመጣል። የጥያቄው ይዘት አያገባውም። ከጭጬ ዴስክ ሲደርስ ዘለላት። «አንቺ ጣት ብቻ ነሽ» ብሎ ሳቀ፤ ልጆቹም እንዲስቁ ጠበቃቸው፤ ሳቁ።

አስተውሉ እንግዲህ። ሰው ውስጥ ያለን ነገር ማውጣት የሚባለውን ሥራ፣ ሰው ውስጥ የሌለን ነገር ጠቅጥቆ በማስተፋት ተረጎመው። ይህንን ለአንድ ትምህርት ቤት ያደረገ ሰው ርዕሰ መምህር ይባላል፤ ለአገር ቢያደርገው ሐውልት ያቆሙለት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ገምጋሚው ወፍራም ማኅደር ታቅፎ ገባና ቦታ ሲፈልግ ከመጨረሻው ዴስክ ጭጬ አጠገብ ተቀመጠ። ማይኩ ከውጭ በወለቀው መስኮት በኩል ቆመ፤ ክፍሉን እንደ ቴሌቪዥን ሊያይ። እትዬ ቆይ ሰሌዳው ላይ ግሡን በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ከሥሩ አንድ ታንክና አንድ ቱቦ ሣለች። ዞር አለችና በእንግሊዝኛ ጠየቀች። «ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ከእናንተ ምን ወጣ? ሳቅ ነው? ቁጣ ነው? ማን አወጣው?»

ጠመኔዋን ወደ ቀኝ እጇ ሳታሻግር ከአንደኛው ዴስክ አንድ ልጅ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ቀልዱ ሳቅ ኤሊሲት አደረገ፣ ቲቸር!»

«የምን ቀልድ?» አለችው።

ሁለተኛው ዴስክ ተነሣ። «ክፉው ዜና እንባ ኤሊሲት አደረገ!»

«ምን ዜና ሰማሽ፣ የእኔ ልጅ?»

ሦስተኛው ዴስክ ተነሣ። «ንግግሩ ጭብጨባ ኤሊሲት አደረገ!»

ገምጋሚው ከኋላ ጭረት ይጭራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደስ ብሎታል፤ አንገቱን ይወዘውዛል። እትዬ ቆይ ግራ ገባት፤ በጠየቀች ቁጥር ልክ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይፈስባታል። አሥራ አንደኛው ተረኛ ከመነሣቱ በፊት አንዲት ልጅ ላይ አተኩራ፣ «ስምሽ ማን ነው?» አለች።

ሌላ ልጅ ተነሣና፣ «ውሳኔው ተቃውሞ ኤሊሲት አደረገ!» አለ።

ገምጋሚው አሥራ አንደኛውን ጭረት ጫረ። የልጅቱ ስም ተቃውሞ ነው ብሎ እንደሆን አላውቅም።

ያኔ ገባት። ልጆቹን አየቻቸው። የሚስቅ የለም። የላይኛው ከንፈራቸው አልቦታል፤ ተራቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው፤ ዓይናቸው እሷ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ማይኩ እጁን እያሽከረከረ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት በትዕግሥት የቆፈረችውን ጉድጓድ በሦስት ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ሞልቶባት ቆሟል።

«ቁጭ በሉ» አለች። «ሁላችሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቃችሁ። ይህ ሁሉ የተናገራችሁት ከእናንተ ነው የወጣው?»

ተራ የደረሰው ልጅ ግማሽ ድረስ ተነሣ፤ አየችው፤ ተቀመጠ።

ጠመኔዋ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች። ሃያ ሞላ። ሌላ ሃያ ጀመረች። ገምጋሚው ሰዓቱን አየ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። መስኮቱ ላይ ማይኩ አንገቱን በእጁ እየቆረጠ ምልክት አሳያት። ከአሥራ አምስት በታች መሆኗን ታውቃለች። አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትለቅ ከስቶር ትተርፋለች፤ ልጆቹ አፋቸው ላይ ይዘውታል፣ እጇን ብታነሣ ይፈስሳል። ጠመኔዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች። እንዲህ እንዳለች አራት ደቂቃ አለፈ!

ከገምጋሚው ክንድ ሥር አንድ ዴስክ ሲጥ አለ። ጭጬ ተነሣች። እጇ ዴስኩን ይዟል፤ ድምፅዋ ሲወጣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ጥርት ያለ።

«ቲቸር» አለች፣ «ጉብኝቱ ከእኛ ውሸት ኤሊሲት አደረገ።»

ከዚያ በአማርኛ ጨመረች። «ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠኑን። እኔ ግን አልደረሰኝም።»

እትዬ ቆይ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። «ትክክል» አለች ቀስ ብላ። «ግሡም ቦታው ነው፤ "ከእኛ" ያልሽውም ቦታው ነው። ተቀመጪ፣ የእኔ እናት።»

ደወል ተደወለ።

ገምጋሚው የጭጬን መልስ አልቆጠረውም። «ከዕቅድ ውጭ» ብሎ ጎኑ ላይ ጻፈበት። ሣጥኑ ውስጥ የገባው ቁጥር አሥራ አንድ ሆነ፤ አሥራ አንዱም ውሸት። የዓመቱ ብቸኛ እውነተኛ መልስ ዜሮ ተባለ። እኔ ይህን ሰውዬ አልሰድበውም፤ ስድብ ለእሱ ማሳነስ ነው።

ቢሮ ተጠራች። ገምጋሚው ሶፋው ላይ፣ ማይኩ ጠረጴዛው ኋላ፣ እሷ ቆማ።

«መምህርት፣ እርስዎ እኮ የተከበሩ ነዎት» አለ ማይኩ። ያን ዕለት ኮሪደር ላይ «አንቺ» ያላት ሰው ነው። እንግዳ ባለበት አንደበቱም ክራቫት ያስራል። «ይህች ልጅ እንግዳ ሰድባለች። ፈተናው እስኪያልፍ ትታገዳለች። የእገዳ ማስታወሻው ከግምገማው ቅጽ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ እርስዎ "ማንም ሳያዛት በራሷ ብልግና ነው" ብለው ይፈርሙ። የእርስዎን ነገር ደግሞ...» ገምጋሚውን አየው። ገምጋሚው ጣሪያውን አየ። «አሥራ አንድ ላይ የፊተኛዋን አንድ ሦስት ማድረግ ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጃል? ሠላሳ አንድ! እጅግ በጣም ጥሩ! ክፍልዎ የእርስዎ ነው።»

ፈተናው ያለፈባት ተማሪ ዓመቱን ትደግማለች። ጭጬ ደግማ አትመጣም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ለስድስት ዓመት ክፍል የተጠየቀው ዋጋ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ አፏን የከፈተች ልጅ።

እትዬ ቆይ ከኪሷ ቁራጭ ጠመኔ አወጣች።

«ልጆቹን ማን አስጠናቸው?» አለች።

«የምን ማስጠናት?»

ጠመኔዋ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ልምምድ ነው እንጂ ማስጠናት አይባልም» አለ ማይኩ።

ወደ ግራ ተመለሰች።

«ዩኒት ሊደሩ ነው... ማለቴ እሱም ነበረበት።» የውኃ ብርጭቆውን አነሣ፤ ባዶ ነው፤ አስቀመጠው። «ምን ታዪኛለሽ?» ክራቫቱ ከአንደበቱ ወልቋል። «እኔስ ብሆን? ከላይ ደውለው ከሠላሳ እንዳያንስ ያሉኝ እነማን ናቸው? ሦስት ቀን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ በየዴስኩ ያደልኩት ለራሴ ነው? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! አዎ፣ እኔ ነኝ! ሠላሳ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ምን ይሁን!»

አሥራ ሰባት ላይ ነበረች። ሃያ እንኳ አልሞላም። ከልጅቱ ይልቅ እሱ ቀለለ።

ጎንበስ ብላ ቅጹን ከገምጋሚው ጉልበት ላይ አነሣች። ከታች «አስተያየት» የሚል ሦስት ባዶ መስመር አለው፤ ማንም ሞልቶት አያውቅም። የማይኩን ቃል እንደ ወረደ፣ «ምን ይሁን» የሚለውን ሳታስቀር ጻፈችና ፈረመች። የእገዳውን ማስታወሻ ሳትነካው ተወችው።

«ይህን... ይህን መጻፍ አይቻልም» አለ ገምጋሚው። በዕለቱ ከራሱ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ቅጹ ቁጥር አለው፤ የተበላሸ እንደሆነ የሚጠየቀውም ይታወቃል» አለችና በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ፍጻሜ የምትጠብቁ ከዚህ ተመለሱ። ቅጹ ጠፋ። «በመጓጓዝ ላይ» ተባለ። የተቀደደ ቅጽ ያስጠይቃል፤ የጠፋ ቅጽ ግን የማንም አይደለም። ቅጹ ሲጠፋ የሚያያዝበት ያጣው የእገዳ ማስታወሻም ቀረ፤ ጭጬ ተፈተነች። ማንም አልተቀጣም፤ ማንም አላፈረም። በሁለተኛው ሳምንት ለእትዬ ቆይ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ወደ ስቶር። ክፍሏን «ይህ ምንድን ነው? እስክሪብቶ። ጎበዝ!» ለሚለው ሰጡት። የዓመቱ ሪፖርት ላይም እንዲህ የሚል ተጽፎ አየሁ፤ ኤሊሲት በትምህርት ቤታችን መቶ በመቶ ተግባራዊ ሆኗል። መቶ በመቶ! ቁጥሩ እንኳ አላፈረም።

አሁን ጠመኔ የሚወጣው ከእሷ እጅ ነው። መጀመሪያ የመጣው ያ «እስክሪብቶ፣ ጎበዝ» ባዩ መምህር ነበር።

«እትዬ፣ ጠመኔ አንድ ፓኬት።»

«ምን ልትጠይቅበት ነው?» አለችው።

«እ?»

«ዛሬ ልጆቹን ምን ልትጠይቃቸው ነው?»

ቆመ። ከሽንት ቤቱ በኩል ሽታው ይመጣል፤ ጠመኔዋ ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለች። «እንጃ፣ አላሰብኩትም» አለ በመጨረሻ፣ ጆሮው ቀልቶ። ሰጠችው። እውነት ለተናገረ ሁሉ ትሰጣለች፤ «አላውቅም» ላለም ትሰጣለች። ማኅተም ብቻ ለሚያሳያት ግን የለም። ሰልፉ ረዘመ፤ አቤቱታ ተጻፈ፤ አንዳንዱ ግን ሳይታወቀው ጥያቄውን መንገድ ላይ እያሰበ መምጣት ጀመረ።

ባለፈው ሰኞ ማይኩ ራሱ መጣ። የተፈረመ፣ የታተመ ወረቀት ይዟል።

«ሃያ ፓኬት» አለ።

ወረቀቱን አነበበችና መለሰችለት። «ማኅተሙ ልክ ነው። ምን ልትጠይቅበት ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት፤ «አላውቅም» ወይም «እንጃ»፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃው ነበር። በጂኦግራፊው መምህር በኩል ዞር ብሎ የተሰበረ ወንበር አየ። ቆጠራዋ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ጠመኔውን ሳይወስድ፣ ግቢውን አቋርጦ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደ።

እሷ ግን እስከ ሃያ ቆጠረችለት።